ቢላው ይንሸራተት፣ እጃችሁ አይጫን

አንድ ሰው «ምግብ ማብሰል አይሆንልኝም» ሲለኝ ስለ ቅመሙም ስለ እሳቱም አልጠይቀውም። ሽንኩርት ሰጥቼው ሲከትፍ አየዋለሁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይገባኛል። ትከሻው ይወጠራል፣ ቢላውን ጨምድዶ ይዞ ቁልቁል ይጫናል፣ ሽንኩርቱ ከሥሩ ይሸሻል፣ በመጨረሻ መክተፊያው ላይ የሚገኘው ግማሹ የደቀቀ ግማሹ ትልልቅ ነው። ያ ድስት ውስጥ ሲገባ ደቃቁ ያርራል፣ ትልልቁ ገና ጥሬ ነው። ሰውየው ግን በእሳቱ ያሳብባል።

ለዓመታት ለብዙ ሰው በሚበሰልበት ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ማሰናዳት ነበር፤ ምድጃው ከመለኮሱ በፊት የሚላጠውን መላጥ፣ የሚከተፈውን መክተፍ። አሁን የማበስለው ለቤተሰቤ ብቻ ነው፤ እጄ ግን የለመደውን አልተወም። ታናሽ እህቴ እኔ ዘንድ በመጣች ቁጥር አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። «እትዬ፣ አንቺ ቀስ እያልሽ እንዴት ነው ከእኔ ቀድመሽ የምትጨርሺው?» ትለኛለች። ይህን የምጽፈው ለእሷና የእሷን ጥያቄ ለሚጠይቁ ሁሉ ነው።

መልሱ አጭር ነው። ቢላ በጉልበት አይቆርጥም፤ እየተንሸራተተ ነው የሚቆርጠው። የሚቆረጠው ነገር ደግሞ መንከባለል የለበትም። ከዚህ በታች ስለ አያያዝ፣ ስለ መክተፊያ፣ ስለ መሳል የምለው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመነጭ ነው።

እኩል አድርጎ መክተፍ ለማማር ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ሙቀት ከውጭ ወደ መሀል የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ የቁራጩ ውፍረት እጥፍ ሲሆን መሀሉ እስኪሞቅ የሚወስደው ጊዜ በግምት 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንችና ጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንች አንድ ድስት ውስጥ ብትቀላቅሉ፣ ትልቁ እስኪበስል ትንሹ ፈርሶ ያልቃል። መጠኑን መምረጥ የእናንተ ፋንታ ነው፤ ትልቅም ይሁን ትንሽ ችግር የለውም። የመረጣችሁትን መጠን እስከ መጨረሻው ማክበር ግን ግዴታ ነው። ጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ድንች 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ስምንት ቦታ ብትከፍሉት ዘይት የሚነካው ገጹ እጥፍ ይሆናል። ተከትፎ የተጠበሰ ድንች ከትልልቁ ይልቅ ጣፍጦ የሚቀላውም ለዚህ ነው።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ስለቱ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ አንድ ትልቅ ቢላ፣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ትንሽ ቢላ፣ ለዳቦ አንድ ጥርሳም ቢላ። በቃ። በሳጥን ተሰክተው የሚሸጡት አሥራ ምናምን ቢላዎች አብዛኞቹ ከሳጥናቸው አይወጡም፤ ያንን ገንዘብ አንድ ጥሩ ቢላና አንድ የመሳያ ድንጋይ ላይ ብታውሉት ይሻላል። መክተፊያው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። መስታወት፣ እብነ በረድና ሴራሚክ ለዓይን ያምራሉ፣ ለመጥረግም ይቀላሉ፤ ስለቱን ግን በጥቂት ቀን ያደነዙታል፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ነገር ላይ እየወረደ ደህና ሆኖ የሚቆይ ቢላ የለም። መክተፊያው ሥር እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ይህቺ እርጥብ ጨርቅ ከማንኛውም ውድ ዕቃ የበለጠ ጣት አድናለች ብዬ አምናለሁ። መክተፊያው ከተንቀሳቀሰ ቀሪው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

አብዛኛው ሰው ቢላ ሲይዝ አምስቱም ጣቶቹ እጀታው ላይ ናቸው፤ አንዳንዱም አመልካች ጣቱን በቢላው ጀርባ ላይ ይዘረጋል። ሁለቱም ቢላውን ወደ ጎን ያወላውሉታል። እንዲህ አድርጉ፦ አውራ ጣታችሁንና የአመልካች ጣታችሁን ጎን ስለቱና እጀታው በሚገናኙበት ቦታ ከብረቱ ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ብረቱን ራሱን ቆንጥጡት። የቀሩት ሦስቱ ጣቶች እጀታውን ዙሪያውን ይያዙ፤ ሳይጨመድዱ። መጀመሪያ ላይ እንግዳ ነገር ነው፤ እህቴም «ብረቱን ይዤ እንዴት ይሆናል?» ብላ ተከራክራኛለች። ቢላው ሚዛኑን የሚጠብቀው ግን እዚያ አካባቢ ነው፤ እዚያ ሲያዝ ይቀላል፣ ወዴት እንደሚሄድም እጃችሁ ያውቀዋል። ትከሻችሁ ሲወጠር ከተሰማችሁ ቆም በሉ፤ ወይ ጨምድዳችኋል ወይ ቢላው ደንዟል።

ሌላኛው እጅ ደግሞ ከቢላው የባሰ ትኩረት ይፈልጋል። የጣቶቹ ጫፍ ወደ ውስጥ፣ ወደ መዳፋችሁ ይታጠፍ፤ ወደ ፊት ቀድሞ የሚታየው የመሀል ጣት መጋጠሚያ ይሁን። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ከኋላ ሆነው ይግፉ፤ ከፊት በፍጹም አይታዩ። የቢላው ጎን ያንን መጋጠሚያ እየታከከ ይውጣ ይውረድ። ይህ ማለት ስለቱ የት እንዳለ ዓይናችሁ ባያይ እንኳ ቆዳችሁ ያውቃል ማለት ነው። የቁራጩን ውፍረት የሚወስነውም ይኸው እጅ ነው፤ መጋጠሚያውን 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ብትስቡ 3 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ይወጣል፣ 1 ሴንቲ ሜትር ብትስቡ 1 ሴንቲ ሜትር። ቢላ የያዘው እጅ ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ከመደጋገም በቀር ሌላ ሥራ የለውም። የእህቴ ጥያቄ መልስም እዚህ ጋ ነው ያለው። እኔ ቀስ የምል ይመስላል እንጂ አልቆምም፣ የሸሸ ቁራጭ አላሳድድም፣ የተከተፈ መልሼ አልከትፍም።

እንቅስቃሴው ሦስት ዓይነት ነው ብላችሁ ያዙት። ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት የመሰለውን ስታደቅቁ የቢላው ጫፍ ከመክተፊያው ሳይነሳ የኋላው ብቻ እየተነሳ እየወረደ ይወዛወዛል። ካሮት፣ ድንች፣ ጎመን ላይ ስለቱ ወደ ታች ሲወርድ ወደ ፊትም ይገፋል። ሥጋና ዓሣ ላይ ደግሞ ከስለቱ ኋላ ጀምራችሁ ወደ ራሳችሁ በረጅሙ ትስባላችሁ። በሦስቱም ውስጥ ስለቱ በርዝመቱ ይጓዛል፤ ቁልቁል ብቻ አይወርድም። ልዩነቱን ማየት ከፈለጋችሁ የበሰለ ቲማቲም ውሰዱ። ቢላውን አናቱ ላይ አድርጋችሁ ቁልቁል ብቻ ጫኑት፤ ልጣጩ ይጎደጉዳል፣ ውስጡ ይጨመቃል፣ ጭማቂው ይፈሳል። ሌላ ቲማቲም ላይ ደግሞ ሳትጫኑ ቢላውን ወደ ፊት ብቻ ግፉት፤ ልጣጩ ይከፈታል። የተሳለ ቢላ በራሱ ክብደት ብቻ መጀመር አለበት። ቲማቲም ላይ ያልጀመረ ቢላ ድንጋይ ይፈልጋል።

ሽንኩርት ስለ ቢላ አብዛኛውን ነገር ያስተምራል። ሽንኩርት ሁለት ጫፍ አለው፤ ሥሩ ያለበትና ቅጠሉ የነበረበት። የቅጠሉን ጫፍ ቁረጡ፤ ሥሩን አትንኩ። ከዚያ ከሥሩ ወደ ጫፉ ለሁለት ሰንጥቁት፤ እያንዳንዱ ግማሽ ላይ የሥሩ ግማሽ ይቀራል። አሁን ልጣጩን አንሱ፤ ከተሰነጠቀ በኋላ መላጥ ከመሰንጠቁ በፊት ከመላጥ በጣም ይቀላል። ጠፍጣፋውን ጎን ወደ መክተፊያው አድርጉት። ንብርብሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የያዛቸው ያ ያልቆረጣችሁት ሥር ነው፤ እሱ እስካለ ሽንኩርቱ አይበታተንባችሁም። የቢላውን ጫፍ ከሥሩ በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀረት አድርጋችሁ በቁመቱ በስሱ እየሰነጠቃችሁ ሂዱ። ከዚያ ሽንኩርቱን አዙሩትና አግድም ቁረጡት፤ ተከትፎ ይወርዳል። ብዙዎች በመሀል ቢላውን አጋድመው ወደ ሥሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስገባሉ። እኔ አላደርገውም፤ ሽንኩርቱ ራሱ ንብርብር ስለሆነ ያንን ሥራ ቀድሞ ሠርቶታል፤ ስለቱን ወደ መዳፍ አቅጣጫ መግፋትም ደስ አይለኝም። ዳርና ዳሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቢላውን ቀጥ ብሎ ከመያዝ ወደ መሀል ትንሽ ማዘንበል ይረዳል፤ አለዚያ የዳሮቹ ቁራጮች ረዛዝመው ይቀራሉ።

እንባውን በተመለከተ፣ ሽንኩርት ሲቆረጥ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ ተለያይተው የነበሩ ኢንዛይምና የሰልፈር ውሕዶች ይገናኙና የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይፈጥራሉ። ጋዙ ዓይን ሲደርስ እንባ እንዲያጥበው ይገደዳል። የደነዘ ቢላ ሕዋሳቱን ጨፍልቆ ስለሚያልፍ ከተሳለው የበለጠ ብዙ ያስለቅሳል። ሽንኩርቱን ቀድሞ ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየትም ይረዳል፤ ኢንዛይሙ ብርድ ላይ ይዘገያልና። የተከተፈውን አፍንጫ ሥር ከምሮ አለማቆየት ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል፤ እየከተፋችሁ ወደ ሳህን አንሱት።

ነጭ ሽንኩርትም የዚያው ወገን ነው። ሳይቆረጥ ብዙም አይሸትም፤ ሲጨፈለቅ ነው ያ ኃይለኛ ጠረኑ የሚፈጠረው። በስሱ የተቆራረጠ ለስለስ ያለ ጣዕም ይሰጣል፣ የተከተፈ ይበረታል፣ የተወቀጠ ከሁሉም ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት እንዴት እንደተቆረጠ ሳይታወቅ «ስንት ፍንካች ልጨምር» ማለት ግማሽ ጥያቄ ነው። ለመላጥ የቢላውን ጎን ጥፍጥፍ አድርጋችሁ ፍንካቹ ላይ አሳርፉና በመዳፋችሁ ሥር ጠቅ አድርጉት፤ ስለቱ ከእናንተ ወዲያ ይዙር። ልጣጩ ይላቀቃል።

ክብ የሆነ ነገር ሁሉ አንድ ሕግ አለው፦ መጀመሪያ መቀመጫ አብጁለት። ካሮትን በሦስትና በአራት ቦታ ከቆረጣችሁት በኋላ ከአንድ ጎኑ ስስ ቁራጭ አንሱለት፤ በዚያ ጎን አስቀምጡት። አሁን አይንከባለልም። ድንቹም፣ ቀይ ሥሩም፣ ዱባውም እንዲሁ። ወጥ ቤት ውስጥ አደገኛው ነገር ስለት ይመስላል፤ እኔ ግን ስለታም ቢላ ሥር ከሚንከባለል ካሮት የበለጠ የምፈራው ነገር የለኝም። ካሮቱ ከተቀመጠ በኋላ በቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ወዳላቸው ሰሌዳዎች ቁረጡት፤ ሰሌዳዎቹን ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ደርቡና እንደገና በቁመት በዚያው ስፋት ቁረጡ። የክብሪት እንጨት የመሰለ ቀጭን ዘንግ ታገኛላችሁ፤ ባለሙያዎቹ ጁሊየን የሚሉት ነው። ዘንጎቹን ሰብስባችሁ አግድም ከቆረጣችሁ ደግሞ ደቃቅ ኩብ ይሆናል። ሰሌዳ፣ ዘንግ፣ ኩብ፤ ማንኛውም ጠንካራ አትክልት በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ የሚለያየው ውፍረቱ ብቻ ነው። ከካሮቱ ጎን ያነሳችሁትን ስስ ቁራጭ አትጣሉ፣ ሾርባ ውስጥ ይገባል።

ቃሪያ ላይ አንድ ነገር ብቻ፤ ልጣጩ ወደ ታች፣ ሥጋው ወደ ላይ ሆኖ ይቆረጥ። የላይኛው ልጣጭ አንሸራታች ነው፤ ውስጠኛው ግን ስለቱን ይይዛል።

ቅጠላ ቅጠል ከመቆረጡ በፊት መድረቅ አለበት። እርጥብ ሆኖ ሲከተፍ ቢላው ላይ ይለጠፋል፣ ወደ ሙጫነት ይቀየራል፣ ሽታው መክተፊያው ላይ ይቀራል። ሰፋፊ ቅጠሎችን ደራርባችሁ ጠቅልሏቸውና በስሱ አግድም ቁረጡ፤ ሲፈቱ ቀጫጭን ክር ይሆናሉ። ደቃቁን ቅጠል ሰብሰብ አድርጋችሁ አንዴ ተወዛዋዥ ቢላ አሳልፉበት፣ አዙሩት፣ ደግማችሁ አሳልፉበትና ተዉት። መደጋገሙ ያጠቁረዋል። የተከተፈውን ስትሰበስቡ በስለቱ አትጥረጉ፤ ቢላውን ገልብጣችሁ በጀርባው ጥረጉ። ይህን ትንሽ ነገር የሚያደርግ ሰው ቢላው ረዘም ላለ ጊዜ እንደተሳለ ይቆያል።

ሥጋ ላይ ዓይን ከእጅ ይቀድማል። ቁራጩን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጋደሙ ክሮች ይታያሉ፤ የጡንቻው ክሮች ናቸው። ክሮቹን ተከትላችሁ ከቆረጣችሁ እያንዳንዱ ጉራሽ ውስጥ ረጃጅም ክር ይቀራል፣ ጥርስ ያንን መበጠስ አለበት። ክሮቹን አቋርጣችሁ ከቆረጣችሁ ሥራውን ቢላው ጨርሶታል፤ ያው ሥጋ በዚያው እሳት በስሎ ለስልሶ ይበላል። በጣም በስሱ መቁረጥ ስትፈልጉ በረዶ ቤት ውስጥ ጠንከር እስኪል አቆዩት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አውጡት። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት መክተፊያና ቢላ ደግሞ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ሳይታጠብ ሰላጣ አይነካም፤ ቢቻል መክተፊያው ለየብቻ ቢሆን።

መሳልን ብዙ ሰው ስለሚፈራው እዚህም ትንሽ ልቆይ። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። ረጅሙ ክብ የብረት ዘንግ ቢላውን አይስለውም ማለት ይቻላል፤ በአጠቃቀም የተጣመመውን የስለቱን ጫፍ ያቃናዋል እንጂ። ከመክተፍ በፊት በእያንዳንዱ ጎን አራት አምስት ጊዜ ቀለል አድርጎ ማሳለፍ በቂ ነው። ስለቱ በእውነት ሲያልቅ ግን ብረት መነሳት አለበት፤ ለዚህ ድንጋይ ያስፈልጋል። ለቤት ቢላ 1000 ቁጥር ድንጋይ ብዙውን ሥራ ይጨርሳል፤ በጣም ለተሸረፈ 400፣ ለማለስለስ 3000 እና ከዚያ በላይ። ቁጥሩ ሲያድግ ድንጋዩ እየላመ ይሄዳል።

ድንጋዩ በውኃ የሚሠራ ከሆነ አርጥቡት፤ ሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። ለማዘንበያው እንዲህ አስቡ፦ ቢላውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ግማሽ አጋድሙት፣ ከዚያ እንደገና ግማሽ። 90፣ 45፣ 22 ዲግሪ አካባቢ። ከዚያ በትንሹ ዝቅ ብትሉ ብዙ የወጥ ቤት ቢላ የሚሳልበት 20 ዲግሪ ላይ ናችሁ፤ ስስ የጃፓን ቢላዎች ወደ 15 ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ማዘንበያውን አለመቀየር ነው። አንዱን ጎን ስትስሉ ቆይታችሁ በሌላው ጎን ጠርዝ ላይ ጣታችሁን ከጀርባው ወደ ስለቱ ወደ ውጭ በቀስታ አሳልፉት፤ በርዝመቱ በጭራሽ አታሳልፉ። ጣታችሁን ያዝ የሚያደርግ ጥቃቅን ሸካራ ነገር ይሰማችኋል። ብረቱ ወደዚያ ወገን ታጥፏል ማለት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተሰማችሁ ያኛው ጎን አልቋል፣ ገልብጡት። ሸካራው ሳይሰማችሁ መገልበጥ ድካም ብቻ ነው። በመጨረሻ እየቀያየራችሁ በጣም ቀለል አድርጋችሁ አሳልፉትና ወደ ቲማቲሙ ተመለሱ።

የቀረው አጭር ነው። ቢላ ሲወድቅ አትቅለቡት፤ እግራችሁን አሽሹና ይውደቅ። አረፋ በሞላበት ውኃ ውስጥ ቢላ ነክሮ መሄድ ቀጥሎ ለሚመጣው እጅ ወጥመድ ነው። በእጅ እጠቡት፣ ወዲያው አድርቁት፣ ከማንኪያና ሹካ ጋር መሳቢያ ውስጥ አታንኳኩት። ይዛችሁ ስትሄዱ ጫፉ ወደ መሬት ስለቱ ወደ ኋላ ይሁን፤ ከሰው ጀርባ ስታልፉ ድምፅ አሰሙ።

ባለፈው እህቴ ስለ ልጇ ጠየቀችኝ። ልጇ ግራኝ ናት፤ መክተፍ መማር ትፈልጋለች፤ እናቷ ግን «እኔ በቀኜ ነው የማሳያት፣ እጇ ይምታታባታል» ብላ ተጨንቃለች። ከሁለቱም ጎን እኩል የተሳለ ቢላ ለግራም ለቀኝም አንድ ነው፤ ከእነዚያ ስጧት። ከአንድ ጎን ብቻ የተሳሉት፣ ብዙ የዳቦ ቢላዎችም ጭምር፣ ብዙውን ጊዜ ለቀኝ እጅ የተሠሩ ናቸው፤ በግራ ሲቆረጥባቸው ቁራጩ እያዘነበለ ይሄዳል። ጥፋቱ የልጅቷ እንዳይመስላት ቀድመሽ ንገሪያት አልኳት። ለማሳየቱ ደግሞ አጠገቧ አትቁሚ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ሆነሽ ፊት ለፊቷ ቁሚ። ያንቺ ቀኝ ከእሷ ግራ ትይዩ ይሆናል፣ እንዳየችው ብቻ ትከተልሻለች። በትንሿ ቢላ፣ በተቀቀለ ድንች ጀምሩ፤ ለስላሳ ነው፣ መቀመጫ ለማበጀትም ይመቻል።